የወደቀ ዛፍ ከመጥረቢያ በፊት ይጠየቅ



«የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ይላል የአገራችን ሰው። ተረቱ የተነገረው ስለ ሰው መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ስለ ዛፍም ቢሆን እውነት ነው። በክረምት ነፋስ አንድ ትልቅ ዛፍ ሌሊት ሲወድቅ፣ ጎሕ ሳይቀድ መጥረቢያ የያዘ ሁሉ ይደርሳል። እስከ ማታ ድረስ ከዛፉ የሚቀረው ጉቶውና ልጡ ብቻ ነው። ዛፉ ምን ዓይነት እንደ ነበረ፣ ለምን ይጠቅም እንደ ነበረ፣ ማን የበለጠ ያስፈልገው እንደ ነበረ የጠየቀ ግን የለም።

እኛም ከማይጠይቁት መካከል ነበርን። በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ ወር በምንሠራበት በደቡብ አንድ ደጋ ቀበሌ፣ በማኅበረ ምእመናኑ ግቢ ዳር የቆመ አንድ ትልቅ ዛፍ በዝናብና በነፋስ ወደቀ። በዚያን ጊዜ ለሕፃናት ምግብ የምናበስልበት ወጥ ቤት የማገዶ ችግር ነበረበት። ስለዚህ እጅግ ደስ አለን። ወጣቶችን ሰበሰብን፤ ሁለት ቀን ሙሉ ቆረጥን፣ ፈለጥን፣ ከመርን። በሦስተኛው ቀን ከጎረቤት ማኅበር አንድ አረጋዊ አናጢ በመንገድ ሲያልፉ ክምሩን አዩ። አንዱን ፍልጥ አንሥተው በሰንጢያቸው ፋቁት፤ ወደ ብርሃን አዙረውም ተመለከቱት። «ልጆቼ፣ ይህ እኮ ዋንዛ ነው» አሉን። «የቤተ ጸሎታችሁ በር ከምን የተሠራ መሰላችሁ?» ሌላ ቃል አልጨመሩም። ፍልጡን በቀስታ ወደ ክምሩ መልሰው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ያ ክምር በሁለት ወር ውስጥ ነድዶ አለቀ። በዚያው ዓመት ለመሠረተ ትምህርት ክፍል አግዳሚ ወንበር አስፈለገን፤ ሳንቃውንም ከከተማ በገንዘብ ገዛን። ያ ገንዘብ እናንተ ከጥቂቱ ቆጥባችሁ የላካችሁት ነበር። ወንበሩ ግን አስቀድሞ በግቢያችን ወድቆልን ነበር፤ እኛው አነደድነው።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ለራሳችን አንድ ሥርዓት አወጣን። የወደቀ ዛፍ ስናገኝ መጥረቢያውን መሬት ላይ አስቀምጠን ዛፉን አንድ ጊዜ እንዞረዋለን። እየዞርንም አራት ጥያቄዎች እንጠይቃለን። የማን ነው? ምን ዓይነት ነው? እንዴት ተኝቷል? ለማን ይድረስ? እነዚህን ጥያቄዎች ከተማርነው ጋር አያይዘን ከዚህ በታች እናቀርባለን።

1ኛ. የማን ነው?

ዛፍ ስለ ወደቀ ባለቤት አጣ ማለት አይደለም። በአንድ ገበሬ ድንበር ላይ የነበረ ዛፍ የገበሬው ነው፤ ወይም የሁለት ጎረቤታሞች ነው። በመንገድ ዳር፣ በወንዝ ዳር ወይም በጋራ ግጦሽ ላይ የነበረውን ቀበሌው ይጠየቅበታል። በቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ የወደቀው የአጸዱ ነው። ሽማግሌዎች ለዕርቅ የሚቀመጡበት ዋርካ ከሆነ ደግሞ፣ ባለቤቱ አንድ ሰው ባይሆንም መንደሩ ሁሉ ባለ ጉዳይ ስለሆነ አስቀድሞ ሽማግሌዎቹን ማነጋገር ተገቢ ነው።

ስለ ደን የወጣው አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ደንን መጠበቅንና መጠቀምን በሕግ ወስኗል። እንደ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶና የሐበሻ ጥድ ያሉት የአገር በቀል ዛፎች በተለይ ጥንቃቄ የሚደረግላቸው ናቸው። ስለዚህ ግንዱን ከመቁረጥና በመኪና ወይም በጋሪ ከማጓጓዝ በፊት ወደ ቀበሌው አስተዳደርና ወደ ወረዳው የግብርና ወይም የደን ባለሙያ ሄዶ ፈቃድን በጽሑፍ መቀበል ይገባል። «በነፋስ የወደቀ ነው» ብሎ መናገር ብቻ አይበቃም፤ ባለሙያው መጥቶ በዓይኑ ቢያየው ለእኛም ምስክር ይሆነናል። አንድ ቀን መዘግየት የማኅበሩን ስም ከማስነቀፍ ይሻላል።

2ኛ. ምን ዓይነት ዛፍ ነው?

ዛፍ ቆሞ ሳለ በቅጠሉና በቅርጹ በቀላሉ ይታወቃል። ከወደቀና ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ፣ ይልቁንም ቅርንጫፉን ሰው ከወሰደው በኋላ፣ ማወቁ ይከብዳል። እንዲህም ቢሆን ዛፉ ብዙ ምልክት ትቶልን ነው የሚወድቀው።

መጀመሪያ ከሥሩ ያለውን መሬት ተመልከቱ። የረገፈ ቅጠል፣ ፍሬ ወይም አበባ አይጠፋም። ቀጥሎ ልጡን እዩ፤ ለስላሳ ነው ወይስ የተሰነጣጠቀ? በረጅሙ ይላጣል ወይስ በትንንሹ ይረግፋል? ከዚያ በገጀራ ጥቂት ጫር አድርጉት። ነጭ ወተት ይወጣዋልን? ሽታ አለውን? የግንዱ መካከል ከዳሩ የተለየ ቀለም አለውን? በመጨረሻም አንድ ትንሽ ጉማጅ አንሥታችሁ ክብደቱን በእጃችሁ መዝኑ። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ካልለያችሁት በአካባቢው ያሉትን አረጋውያንና እረኞች ጠይቁ። ከብት ጠባቂ ልጅ የዛፍ ስም ከእኛ ይልቅ ያውቃል።

በደጋና በወይና ደጋ አገራችን ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙት እነዚህ ናቸው።

ባሕር ዛፍ። በ1880ዎቹ ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባን የማገዶ እጦት ለማቃለል ከውጭ አገር የመጣ ነው። ልጡ በረጅሙ ይላጣል፤ ቅጠሉ ሲታሽ ሽታው ወዲያው ይታወቃል። ጥሩ ማገዶ ነው። የሚፈለጠው ግን እርጥብ ሳለ ነው፤ ከደረቀ በኋላ ጭረቱ እርስ በርሱ የተጠላለፈ ስለሆነ መጥረቢያን ይመልሳል። ጉቶው ሥሩ ካልተነቀለ እንደ ገና ያቆጠቁጣል፤ ስለዚህ ጉቶውን አታቃጥሉት፣ አትንቀሉትም።

ወይራ። እጅግ ከባድና ጠንካራ ነው። ፍሙ ይቆያል። ጭሱ መዓዛ ስላለው እናቶቻችን የወተት ዕቃና የጠላ ጋን ያጥኑበታል። ለመጥረቢያና ለዶማ እጀታ የሚሆን ቀጥ ያለ ቅርንጫፍ ካለው ያን አስቀድማችሁ ለዩ።

ግራር። በእሾሁ ይታወቃል። ከማገዶ ሁሉ ከተመረጡት አንዱ ነው፤ እሳቱ ይሞቃል፣ ፍሙም ይበረክታል። እሾሃማው ቅርንጫፍ ለአጥር ይሆናል።

ዋንዛ። ቅጠሉ ሰፊና ሻካራ ነው፤ አበባው ነጭ፣ ፍሬው ሲበስል ቢጫና የሚያጣብቅ ነው። የግንዱ መካከል ፈዘዝ ያለ ቡናማ ሆኖ ወደ ቀላ ያለ ቀለም ያደላል። ለመሥራት የተመቸ ስለሆነ ለበር፣ ለመስኮት፣ ለወንበር፣ ለከበሮ ይመረጣል። ይህን ማንደድ ምን ማለት እንደ ሆነ ከላይ ነግረናችኋል።

ዝግባ። እንጨቱ ቢጫ አዘል ነው፤ መካከሉና ዳሩ በቀለም ብዙ አይለያይም። ቀጥ ያለ ሳንቃ ይወጣዋል። መሬት ውስጥ ከተተከለ ግን ቶሎ ስለሚበሰብስ ለአጥር ምሰሶ አይመከርም።

የሐበሻ ጥድ። የግንዱ መካከል ቀይ ቡናማ ነው፤ ሲፋቅ ይሸታል። ምስጥ በቀላሉ አይደፍረውም። ስለዚህ ለቤትና ለአጥር ምሰሶ ከዚህ የሚበልጥ ጥቂት ነው። ከተቆረጠ በኋላ እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው አያቆጠቁጥም፤ በምትኩ ሌላ መትከል ግድ ነው።

ዋርካና ሾላ። ሲጫሩ ነጭ ወተት ይወጣቸዋል። ግንዳቸው ግዙፍ ስለሆነ ብዙ ማገዶ የሚገኝ ይመስላል፤ ነገር ግን እንጨቱ ቀላልና ስፖንጅ መሰል ነው። ሲደርቅ ቶሎ ነድዶ ያልቃል፤ ፍም አይተውም። ለእሳት ማቀጣጠያ ይሆናል፤ ለምጣድ ግን አትተማመኑበት።

ብሳና። ያረጀው ቅጠሉ ከመርገፉ በፊት ብርቱካንማ ይሆናል። ይነዳል፤ ጭሱ ግን ሽታ ስላለው ብዙ እናቶች ለወጥ ቤት አይወዱትም።

ቁልቋልና ቅንጭብ። እነዚህን ለማገዶ ብላችሁ አትንኩ። ወተታቸው ቆዳን ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ዕውር እስከ ማድረግ ይደርሳል። ሌላውን ዛፍ ስትቆርጡ በአጠገቡ ቁልቋል ካለ መጥረቢያው እንዳይነካው ተጠንቀቁ። የነካው ሰው ዓይኑን በብዙ ንጹሕ ውሃ እያጠበ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር እንጨምር። የወደቀ አሮጌ የስልክ ወይም የመብራት እንጨት ዛፍ አይደለም። እንዳይበሰብስ ጥቁር መድኃኒት ተነክሮ ይሆናል፤ ጭሱም መርዝ ነው። እንጀራ ሊጋገርበት ቀርቶ ሊሞቁትም አይገባም።

ዓይነቱን ካወቅን በኋላ ግንዱን በሦስት እንከፍለዋለን። ቀጥ ያለው፣ ያልበሰበሰውና ወፍራሙ ለሳንቃና ለምሰሶ ይቀመጥ። ጠማማው፣ ቋጠሮ የበዛበትና ቅርንጫፉ ለማገዶ ይሁን። በመጥረቢያ ጀርባ ሲመታ ቡም ቡም የሚለው፣ በእጅ ሲጨበጥ የሚፈረፍረው የበሰበሰ ክፍል ደግሞ በዚያው ይቅር ወይም ጎርፍ ወደ ሸረሸረው ቦይ ይጣል፤ አፈሩን ይይዛል፣ በስብሶም አፈር ይሆናል።

«ሁሉንም ከሰል እናክስለው፤ ገንዘብ ይሆናል» የሚል ሰው በየቦታው አይጠፋም። ለዚህ መልሳችን ይህ ነው። በአፈር በተሸፈነ በተለመደው ክምር ከ100 ኪሎ ደረቅ እንጨት የሚገኘው ከሰል ከ10 እስከ 20 ኪሎ ብቻ ነው። የሚበልጠው ሙቀት በሜዳ ላይ ጭስ ሆኖ ይጠፋል። በመንደሩ እንጨት ፍለጋ ግማሽ ቀን የሚሄዱ እናቶች እያሉ እንዲህ ማባከን አይገባም።

3ኛ. እንዴት ተኝቷል?

ይህ ጥያቄ የሕይወት ጥያቄ ነው። የወደቀ ዛፍ የሞተ ይመስላል፤ ግን ብዙ ጊዜ እንደ ተለጠጠ ደጋን ኃይል ይዞ ነው የተኛው።

በ2013 ዓ.ም. የካቲት ወር አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ሥሩ ከነአፈሩ ተነቅሎ ወድቆ አገኘን። የተነሣው ሥርና አፈር እንደ ግድግዳ ቆሞ ነበር፤ ከበስተኋላው ጥልቅ ጉድጓድ ነበረ። ፀሐይዋ ስለ በረታች ሁለት እረኞች ከፍየሎቻቸው ጋር በጉድጓዱ ጥላ ተቀምጠው ነበር። እኛም አየናቸው፤ ምንም አላልናቸውም። ልጆቹ ወንዝ ዳር ውሃ ሊጠጡ ሄዱ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መጋዙ ግንዱን ከጉቶው ለየው። የግንዱ ክብደት ሲለቀው ያ የአፈር ግድግዳ በአንድ ጊዜ ተመልሶ ወደ ጉድጓዱ ገባ፤ ዛፉም ጉቶ ሆኖ እንደ ቀድሞው ቀጥ ብሎ ቆመ። አንዲት ፍየል ከጉድጓዱ አልወጣችም። ልጆቹ ሲመለሱ የምንናገረው አጣን። የፍየሏን ዋጋ ከፈልን፤ ስለ ልጆቹ ግን የምንከፍለው ምን በኖረን? ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የእኛው ነበር።

ስለዚህ እነዚህን ነገሮች በጥብቅ እናሳስባለን።

ሥሩ የተነቀለ ዛፍ ሲቆረጥ በጉድጓዱም ሆነ በሥሩ ግድግዳ በስተኋላ ማንም እንዳይገኝ አንድ ጠባቂ ይቁም። የሥሩ ግድግዳ ወዲህም ወዲያም እንዳይወድቅ በወፍራም እንጨት ይደገፍ። መቁረጫው ከሥሩ ራቅ ይበል። ሥራው ሲያልቅ ጉድጓዱ ሳይደፈን አይታለፍ።

ከግንዱ ሥር ተጨፍልቆ የጎበጠ ቅርንጫፍ ሲቆረጥ ተፈናጥሮ እግር ይሰብራል። እንዲህ ያለውን አስቀድማችሁ ከተጨመቀው ወገን ጥቂት ቁረጡ፤ ቀጥሎ ከተለጠጠው ወገን ቀስ በቀስ ጨርሱ። ቅርንጫፉ በሚፈናጠርበት አቅጣጫ አትቁሙ።

ግንዱን ከመሬት ከፍ አድርገው የያዙትን ቅርንጫፎች በመጨረሻ ቁረጡ። ተዳፋት ከሆነ ሁልጊዜ ከግንዱ በላይ ቁሙ፤ ከበታች አትቁሙ፤ ግንዱም እንዳይንከባለል ድንጋይ ወይም ሽብልቅ አድርጉበት።

በሌላ ዛፍ ላይ ተደግፎ የቀረ ዛፍ ካለ ከሥሩ አትለፉ። ልምድ ያለው ባለሙያ እስኪመጣ ድረስ ይቆይ። የመብራት ሽቦ ነክቶ ከሆነም ሽቦው ኃይል እንደሌለው የመብራት ኃይል ሠራተኞች ራሳቸው እስኪያረጋግጡ ማንም አይቅረብ።

የአጥር ሽቦ ወይም ምስማር በአሮጌ ግንድ ውስጥ ተውጦ ይገኛል። በአጥር መሥመር ላይ የነበረ ዛፍ ከሆነ በደንብ ሳትመረምሩ መጋዝ አታስገቡ። የሞተር መጋዝም ለሠለጠነ ሰው ብቻ ይሰጥ፤ ሁለት ሰው የሚስበው መጋዝ ቢዘገይም ለማኅበር ሥራ ይሻላል።

ከመቁረጥ ቀጥሎ መፍለጥ ይመጣል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 ከባልንጀራው ጋር እንጨት ሊቆርጥ ወደ ዱር ስለ ሄደ፣ ብረቱም ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ስለ ገደለበት ሰው የተሰጠ ሕግ አለ። ከዚያን ዘመን ጀምሮ ይህ አደጋ አልተለወጠም። በየማለዳው ሥራ ሳይጀመር የእያንዳንዱ መጥረቢያ ራስ ይነቅነቅ። የላላውን ብዙዎች ውሃ ውስጥ ይነክሩታል፤ እንጨቱ ሲያብጥ ይጠብቃል፣ በፀሐይ ሲደርቅ ግን ተመልሶ ይላላል። መፍትሔው በእጀታው ጫፍ ሽብልቅ መምታት ነው። የሚፈልጡ ሰዎች እርስ በርሳቸው ቢያንስ አራት ሜትር ይራራቁ፤ ሕፃናት አይቅረቡ። ስለ ደነዘ ብረትም መጽሐፈ መክብብ በምዕራፍ 10 ያስተምረናል፤ ያልተሳለ መጥረቢያ ጉልበት ይጨርሳል፣ ከእንጨቱም ላይ ተንሸራትቶ ሰው ይጎዳል።

ትልቅ ግንዲላ ሲፈለጥ ከመካከሉ አይጀመርም። ሲደርቅ የተሰነጠቀ መሥመር ካለ ሽብልቁን በዚያ አስገቡ፤ ከሌለም ከዳር እየቀነሳችሁ ወደ መካከል ግቡ። ሁለት ቅርንጫፍ የሚለያይበትን ቦታ ለመጨረሻ አቆዩት፤ እልከኛ ነው።

እስኪደርቅ መታገሥ

ፍልጡ ዛሬ ተፈልጦ ዛሬ መንደድ የለበትም። ገና የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሲነድ እሳቱ በመጀመሪያ ያን ውሃ ማፍላት አለበት። በደንብ የደረቀ እንጨት ከእርጥቡ ጋር ኪሎ ለኪሎ ቢመዘን እጥፍ ያህል ሙቀት ይሰጣል። እንግዲህ እርጥብ የሚያነድድ ሰው እጥፍ ይቆርጣል፣ እጥፍ ይሸከማል፣ እጥፍ ጭስ ይጠጣል።

ጭሱም ቀላል ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በቤት ውስጥ በሚገኝ የማብሰያ ጭስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። በእናታቸው ጀርባ ታዝለው ጉልቻ አጠገብ የሚውሉ ሕፃናት ከተጎጂዎቹ መካከል ናቸው።

በሐምሌና በነሐሴ የወደቀ ዛፍ ተፈልጦ ዝናቡ ሲያቆም በጥቅምት ቢከመር፣ እንደ ዓይነቱና እንደ ፍልጡ ውፍረት ከሦስት እስከ ስድስት ወር ውስጥ ይደርቃል። ክምሩ መሬት አይንካ፤ ሁለት ረጅም እንጨት ከታች አጋድማችሁ ወይም ድንጋይ ደርድራችሁ ከምሩ፤ ይህ ከምስጥም ከእርጥበትም ይጠብቀዋል። ነፋስ በመካከሉ እንዲያልፍ አታጣብቁት። ከላዩ በሣር ወይም በቆርቆሮ ክደኑት፤ ጎኑን ግን ክፍት ተዉት።

መድረቁ በምን ይታወቃል? ጫፉ ይሰነጣጠቃል፤ ልጡ ይለቃል፤ ሁለቱን ፍልጥ ስታጋጩ የደነዘ ሳይሆን ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣሉ። ከሁሉ የሚሻለው ግን በአንድ ፍልጥ ላይ ምልክት አድርጎ በየሳምንቱ መመዘን ነው። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም እንጨቱ ደርቋል።

4ኛ. ለማን ይድረስ?

ከማካፈል በፊት መለካት ይቀድማል። በግንዱ ርዝመት መካከል ዙሪያውን በገመድ ለኩ። ዙሪያውን በዙሪያው አባዙ፤ የተገኘውን በግንዱ ርዝመት አባዙ፤ ለ12.57 አካፍሉ። ምሳሌ እንስጥ። የአንድ ባሕር ዛፍ ግንድ ዙሪያው 2 ሜትር፣ ርዝመቱ 6 ሜትር ቢሆን፣ 2 ጊዜ 2 ጊዜ 6 ይሆናል 24፤ ለ12.57 ሲካፈል 1.9 ሜትር ኩብ ነው። ተፈልጦ ሲከመር በመካከሉ አየር ስለሚገባ ሦስት ሜትር ኩብ ያህል ቦታ ይይዛል። የደረቀው እንጨት በአንድ ሜትር ኩብ 700 ኪሎ ቢመዝን በጠቅላላው 1,330 ኪሎ ይሆናል።

ይህ ምን ማለት ነው? አንዲት እናት በአንድ ጊዜ 30 ኪሎ ብትሸከም 44 ሸክም ነው። አርባ አራት ጊዜ ወደ ተራራ መውጣትና መውረድ፤ አርባ አራት ቀን ሕፃን ቤት ትቶ መሄድ። ከአንድ ግንድ ቅርንጫፉ ሳይቆጠር ይህን ያህል ድካም ይቀራል።

ነገር ግን ከማን ይቀራል? ወደ ተረቱ እንመለስ። በወደቀ ዛፍ ላይ ምሳር ሲበዛ የሚወስደው ምሳር ያለው ነው። ባሏ የሞተባት እናት ምሳር የላትም። አረጋዊው የሚፈልጥበት ጉልበት የለውም። የታመመው ሰው ዛፍ መውደቁን የሚሰማው ሌሎች ተሸክመው ሲያልፉ ነው። በመጀመሪያው ዓመት እኛም «ይምጣና ይውሰድ» ብለን ነበር። የመጡት ጠንካሮቹ ነበሩ። እነርሱን አንወቅስም፤ ሥርዓቱን ያልሠራን እኛ ነን።

አሁን የምናደርገው እንዲህ ነው። መጥረቢያ ሳይነሣ ሽማግሌዎችና ሁለት እንጨት ተሸካሚ እናቶች ተቀምጠው ስም ይጽፋሉ። እናቶቹ እንዲኖሩ የምንለው በማን ቤት እሳት እንደማይጨስ የሚያውቁት እነርሱ ስለሆኑ ነው። የቆረጡትና የፈለጡት ወጣቶች ድርሻቸው አስቀድሞ በግልጥ ይነገራቸዋል፤ ሠራተኛ ድርሻውን ካላወቀ ያጉረመርማል። ከዚያ ቀጥሎ ጉልበት ለሌላቸው ፍልጡ እስከ ቤታቸው ይደርስላቸዋል። ጭራሮው ለሁሉ ነው። ለሳንቃ የተለየው በማኅበሩ መዝገብ ይጻፋል፤ ተሸጦ ከሆነ ዋጋው፣ ተሠርቶ ከሆነ ዕቃው በጉባኤ ፊት ይነበባል።

ማገዶው እንዲበረክት በየቤቱ ያለውን ምድጃም አብራችሁ አስቡ። በሦስት ጉልቻ ከመጋገር ይልቅ «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ እስከ ግማሽ ድረስ እንጨት ይቆጥባል። ደረቅ ፍልጥና ጥሩ ምድጃ ሲገናኙ የአንድ ወሩ ማገዶ ሁለት ወር ይሄዳል።

በመጨረሻም በወደቀው ምትክ ሳይተከል ሥራው አልተፈጸመም። ምንጭ አጠገብና የእርሻ ዳር ባሕር ዛፍ አይተከል፤ ውሃውን ይሻማል። በዚያ ስፍራ ዋንዛ ወይም ሌላ የአገር በቀል ዛፍ ይተከል፤ እስኪጠነክርም ከፍየል ይታጠር። እኛ ባነደድነው ዋንዛ ስፍራ አምስት ችግኝ ተክለን ሦስቱ ጸድቀዋል። ያ አረጋዊ አናጢ አሁንም በዚያ መንገድ ያልፋሉ፤ ችግኞቹንም በእጃቸው ዳሰስ አድርገው ይሄዳሉ። ሳንቃቸውን እርሳቸው አያዩትም፤ እኛም አናየው ይሆናል። የመሠረተ ትምህርት ክፍሉ ሕፃናት ግን ያዩታል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በግቢያችሁና በመንደራችሁ ያረጁ ወይም ያዘነበሉ ዛፎች የትኞቹ ናቸው? ቢወድቁ የማን ናቸው? ሳይወድቁ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

2. በአካባቢያችሁ ለማገዶ ብቻ የሚሆኑትን፣ ለሳንቃ ሊቀመጡ የሚገባቸውንና ሊነኩ የማይገባቸውን ዛፎች ስም በሦስት ዓምድ ጻፉ። አረጋውያንን ጠይቁ።

3. አንድ ቤተሰብ በሳምንት ስንት ኪሎ እንጨት ያነድዳል? አንድ ሳምንት መዝናችሁ በጉባኤ ተናገሩ።

4. በማኅበራችሁ ያሉት መጥረቢያዎች ራስ የጠበቀ ነውን? ዛሬውኑ ተመልከቱ።

5. ዛፍ ቢወድቅ መጀመሪያ ፍልጥ ሊደርስላቸው የሚገባ ሦስት ቤቶች እነማን ናቸው?